ጆሊንና እናቷ በአንድ ክፍል

ጆሊን ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ እየሄደች እንድትማር ተፈቀደላት። የምትማረው በኋላ ለዲግሪዋ የሚቆጠርላት ነበር። አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማቸው ይህ ዕድል የሚደርሰው ለጥቂቶች ስለነበር ተኩራራች። ኩራቷ የቆየው ግን እናቷ ዊልማ እሷው በምትማርበት የድርሰት ክፍል መመዝገቧን እስክትሰማ ነው።

«እማዬ፣ በናትሽ እዚያ ስንደርስ እንደማታውቂኝ ሁኚ።»

«ማን ነሽ ደግሞ አንቺ?» አለች ዊልማ መኪናውን እየነዳች።

ክፍል ገብታም፣ «ይቅርታ እህት፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?» ብላ ከጎኗ ስትቀመጥ ጆሊን ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

አንድ ቀን መምህሩ ዊልማን ድርሰቷን እንድታነብ ጠየቃት። የጻፈችው ጆሊንን አርግዛ ትምህርቷን ስላቋረጠችበት ጊዜ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ አውቶብስ በበራቸው ሲያልፍ በመስኮት ታየው እንደነበር። ጆሊን ይህን ሰምታ አታውቅም። ንባቡ ሲያልቅ ሳታስበው፣ «እናቴ ናት!» ብላ ጮኸች።

«ይቅርታ አድርጉላት፣ ቤትም እንዲሁ ናት» አለች ዊልማ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጆሊን ነርስ ሆነች። ዊልማም በየዓመቱ አንዳንድ ኮርስ እየወሰደች ከልጇ ብዙ ዘግይታ ተመረቀች። ጆሊን ዛሬም የሚናፍቃት ግን ምረቃው አይደለም። በቆሎ በሚታጨድበት ወራት፣ በአሮጌዋ ፒካፕ የድንች ጥብስ እየተሻሙና በድርሰታቸው ነጠላ ሰረዝ እየተከራከሩ ከኮሌጅ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ነው።