የፈንታነሽ ማክሰኞ

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ነው የነገሩኝ። ፈንታነሽ አርፋለች አሉኝ። የትኛዋ ፈንታነሽ ብዬ ጠየቅኩ። ፒያሳ ላይ ሌላ ፈንታነሽ እንደማላውቅ እያወቅኩ ጠየቅኩ። አሁንም አላመንኩም፤ በየደቂቃው እየወጣሁ በሯን አያለሁ።

ለማታውቋት፣ ፈንታነሽ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋና የእኔ ጫማ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ ስምንት ዓመት ተጎራብተናል። ሦስት ሴቶች ቀጥራ ታሰፋለች፤ መቀሱን ግን ለአንዳቸውም አትሰጥም። እሷ አንዷን ደንበኛ ለክታ፣ ሌላዋን አነጋግራ፣ ክር ለመግዛት ሮጣ እስክትመለስ ሦስቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ለምን እንዲህ ትሆኛለሽ ስላት መልሷ አንድ ነው። «ምነው እቴ፣ ስፌቱማ ቢበላሽ ይፈታል። የተቆረጠውን ጨርቅ ማን ይቀጥልልኛል?»

የከተማችንን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ከርሞ፣ ገና ሲያልፍ ጨርቁን በፌስታል ይዞ ይመጣና ለከተራ ይድረስልኝ ይላል። ሁሉም ለአንድ ቀን። እሷም ለሁሉም ይደርሳል ትላለች። እውነትም ታደርሰው ነበር። በምን ጊዜዋ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

አምና ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ተብላ ቀጠሮ ሲሰጣት ቀኑ ከጥምቀት በፊት ዋለ። «ይቺ በዓል ትለፍና እሄዳለሁ» አለችኝ። ጥምቀት አለፈ፣ የጥር ሰርግ መጣ። ሰርጉ አለፈ፣ ፋሲካ ደረሰ። ሁልጊዜ እስክታልፍ የምትጠበቅ አንዲት ነገር ነበረች።

በዚያ መሀል እኔ ለነጋዴዎች የተዘጋጀ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ብዙ ተወራ፤ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ለራስህ የመደብከውን ሰዓት እንደ ደንበኛ ቀጠሮ አክብረው ተባልን። ሄጄ በትልልቅ ፊደል «ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለፈንታነሽ ብቻ» ብዬ ጻፍኩና መስታወቷ አጠገብ ለጠፍኩላት። ከሠራተኞቿ ትልቋን፣ አስቴርን፣ መቁረጥ ልታስተምራትም አስማማኋት። ሳቀችብኝ፤ ግን እሺ አለች።

ሁለት ማክሰኞ ሠራ። በመጀመሪያው ሐኪም ቤት ሄዳ አዲስ ቀጠሮ ይዛ መጣች፤ በሦስተኛው ማክሰኞ ተኝታ እንድትታከም። በሁለተኛው አስቴርን አጠገቧ አቁማ መቀሱን አስያዘቻት።

ሦስተኛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የእህቴ ሰርግ ደርሶ ነበር። ለስድስት ሚዜ የሚሆን ጨርቅ ተሸክሜ ሰኞ ገባሁባት። አስቴር ትቁረጠው፣ ሸጋ እጅ አላት አለችኝ። እኔ፣ ያቺን ወረቀት የጻፍኩት ሴትዮ፣ «ያንቺ እጅ ካልነካውማ ምን ልብስ ይሆናል» አልኳት። ወረቀቱን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«እሺ በቃ፣ ይቺ ሰርግ ትለፍ» አለችና ጨርቁን ተቀበለችኝ።

የሚዜዎቹ ፎቶ እዚሁ ገጼ ላይ አለ። ማን ሰፋው ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አልያዘችም፤ እኔም አፍሬ አልጎተጎትኳትም። ክረምቱን ከሳች። የራሷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠበበችው። እኛ አማረብሽ አልናት። ባለፈው ሐሙስ የሰው ጨርቅ እየቆረጠች ወደቀች፤ ሐኪም ቤት እንደወሰዷት ተመልሳ አልመጣችም።

ከጠዋት ጀምሮ «ታታሪ ነበረች፣ እረፍት የማታውቅ» እያላችሁ ስትጽፉ አያለሁ። እባካችሁ ተዉኝ። እረፍት ታውቅ ነበር፤ የከለከልናት እኛ ነን። ዛሬ ሦስት ሰው ደውሎልኛል። ሦስቱም ነፍስ ይማር አሉ፤ ሦስቱም ቀጥለው ጨርቃችን ተቆርጦ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ከእነሱ እንደማልሻል ግን አውቃለሁ።

ፈንትዬ፣ ቀብርሽ ከከተማችን የአንድ ሰዓት መንገድ፣ አገርሽ እንፍራንዝ ነው፤ ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ በዘጠኝ ሰዓት። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው እየተሳፈረ ነው። ሠራተኛው ከቢሮ አስፈቅዷል፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቷል፣ እኔም ዘግቻለሁ። ይኸው ለካ ሁላችንም ጊዜ ነበረን። አስቴር ወረቀቷን ከመስታወትሽ አጠገብ ላንሳት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አትንኪያት አልኳት።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ደህና ሁኚ እህቴ። ማክሰኞሽን ይኸው ዛሬ መለስንልሽ።