ከነሰርተፍኬቱ የተወገደው ኮምፒውተር

አሶሳ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ማሠልጠኛና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለኝ። ቤቱ የሸሪኬ ነው፤ ሥራው የእኔ። ሸሪኬ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ስለ ፆታ እኩልነት ከተካፈልኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የሐጂ ሰዋስው የበለጠ እኩል አድርጎኛል።

የሞተ ኮምፒውተር ጥለን አናውቅም ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለው፣ ወረቀት ማኘክ እንጂ ማተም የተወው፣ ስክሪኑ የጠቆረው፣ ሁሉም ወደ ኋላ ክፍል ይገባል። «አንድ ቀን ይጠገናል» እንላለን። አንድ ዓመት ሰሊጡ በዛና ሐጂ ክፍሉን ፈለጉት።

«አንተ ይሄ የሞተ ዕቃ መቼ ነው የሚቀብረው?» አሉኝ።

ቆራሌው በራችን ላይ እየጮኸ ሲያልፍ ልጠራው እችል ነበር። ግን ቆራሌው መዳቡን ነቅሎ ሌላውን ገደል እንደሚከተው አውቃለሁ። እኛ ደግሞ ዘመናዊ ድርጅት ነን። ዘመናዊ ድርጅት የሚታለለው በዘመናዊ ሰው ነው።

ዘመናዊው ሰው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ኮት ለብሷል፤ በእጁ የቆዳ ቦርሳ፣ በቢዝነስ ካርዱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ። በፕላስቲክ የተሸፈኑ የምስክር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ምሳም ጋበዘን። ሐጂ ምሳውን በልተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁት።

«ዕቃው የት ይሄዳል?»

«በሂደት ውስጥ ያልፋል» አለ ሰውዬው።

«ሂደት የት ነው? ከባምባሲ ወዲህ ነው ወዲያ?»

አፈርኩባቸው። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ! ቶሎ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ስለ ሃርድ ዲስኮቹ ስጠይቀው «እሱን ለእኛ ተዪው፣ አንድም ፊደል አይተርፍም» አለኝ። እኔም ተውኩለት። አራት ሲፒዩና አይሱዙው የቻለውን ያህል ዝባዝንኬ ጭኖ ሄደ፤ የተረፈውን በሌላ ዙር እወስዳለሁ አለ።

በሳምንቱ ሰርተፍኬት ላከልን። «ከላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ለሰውም ሆነ ለአካባቢ ጉዳት በማያደርስ መልኩ ሙሉ በሙሉ ተወግደዋል» ይላል፤ ክብ ማኅተም አለው። መስታወት አስገብቼ ከንግድ ፈቃዳችን ጎን ሰቀልኩት። አካባቢን ስለመጠበቅ ለሠልጣኞቼ ንግግር ሁሉ አድርጌያለሁ፤ በጥሞና አዳምጠውኛል፤ በሩ ተቆልፎ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ የባምባሲ ገበሬ አንድ ሲፒዩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በባጃጅ መጣ። ልጁ ኮሌጅ ስለገባች ገዝቶላት ነው።

«ከዱባይ የመጣ ነው ብለው ሸጡልኝ። ግን የይለፍ ቃል እያለ አላስገባም አለኝ፣ እህቴ» አለ።

ሰካሁትና ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ የድርጅታችን ስም ብቅ አለ። ጎኑን ሳዞረው፣ «ዱባይ» ከሚለው አዲስ ተለጣፊ ሥር፣ በነጭ ማጥፊያ ቀለም የጻፍኩት የራሴ ቁጥር አለ፤ የሞተው ሲፒዩአችን ተጠግኖ ተሽጧል። የይለፍ ቃሉን ለመስበር አልተቸገርኩም። ድርጅታችን ለምስጢር ካለው ጥንቃቄ የተነሳ ከአንድ እስከ ስምንት የተደረደረ ቁጥር ነበር።

«እንዴት ያለሽ ባለሙያ ነሽ!» አለ ገበሬው በአድናቆት።

ፋይሎቹ አንዳቸውም አልጠፉም። አንድ ሠራተኛ በአለቃው ላይ ያስጻፈው አቤቱታ አለ፤ በሳምንቱ ለዚያው አለቃ ያስጻፈው ይቅርታም አለ። ከዚያ በታች የአንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ያን ደብዳቤ ስታስጽፈኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን እያየች ነበር። ማመልከቻውን ግን አላስገባችውም፤ አሁንም ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው። ባሏ ገዝቶት ቢሆንስ?

ለገበሬው እውነቱን ነገርኩትና ከምንሠራባቸው ኮምፒውተሮች አንዱን ለወጥኩለት። ለዚያ ለተከበረው ባለ ቦርሳ ደወልኩለት፤ የደወልኩላቸው ደንበኛ ጥሪ እንደማይቀበሉ አንዲት ሴት በትሕትና ነገረችኝ። እስካሁንም እሷው ናት የምታነሳው።

የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ሐጂ «ብዬህ አልነበር» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አላሉም። ሰርተፍኬቱን ከግድግዳ አውርደው አገላብጠው አዩት።

«ማኅተሙ ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለው «ያ ሴት አማና፣ አደራ ሰጠን። እኛ አማናውን ለማናውቀው ሰው ሰጠ» አሉኝ።

በማግስቱ ገበያ ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ሽንኩርት መደርደሯን አቆመች።

«ማን አነበበው?»

«የአንቺ ያለበት ተመልሷል። ከእኔ በቀር ማንም አልከፈተውም።»

«የሌላውስ ሰው?»

ሦስቱ ኮምፒውተሮች የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። እሱንም ነገርኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረውን ዕቃ የሚወስድ ሰው ስንፈልግ ጥያቄውን ለሐጂ ተውኩላቸው። መጀመሪያ የመጣው ከመንጌ ወገን ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ማዘርቦርድ ውስጥ ወርቅ እንዳለ ሰምቷል፤ በአሲድ ነክሮ ሊያወጣው ነው። አሲዱ የት እንደሚሄድ ሐጂ ሲጠይቁት «ወንዙ ይወስደዋል» አለ። አሰናበትነው። ቢሆንም ከባለ ቦርሳው ይሻላል፤ ቢያንስ አድራሻ ሰጠን።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ካለ የኤሌክትሮኒክስ መፍቻ ተቋም የመጣ ቴክኒሻን ነበር። ግልገል በለስ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሰብስቦ ነው እኛ ጋ የደረሰው። ቱታው አቧራ ጠጥቷል። ገና ክፍሉን ሲያይ ቅር አሰኘኝ።

«የተሰበሩትን ሞኒተሮች አልወስድም። መስታወታቸው መርዝ አለበት፤ እኛ ጋ የሚሠራበት መሣሪያ የለም» አለ። «ሃርድ ዲስኮቹን ደግሞ እዚሁ ዓይናችሁ እያየ እንብሳቸው።»

«ዕቃው የት ይሄዳል?» አሉ ሐጂ።

ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ወረቀት ላይ ጻፈላቸው። «ሳይነግሩን ይምጡ» አላቸው።

ሐጂ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መሄጃቸው ደርሶ ነበርና በእርግጥም ሳይነግሩ ሄዱ። ከዚያው ደወሉልኝ።

«አየሁት። ሰው ሁሉ ጓንት አለው። ሽቦ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ ነው። ባትሪው ተቆልፎበታል። ወላሂ፣ ሻይ እንኳ አልሰጡኝም!»

ሻይ አለመጠጣታቸው ከየትኛውም ሰርተፍኬት በላይ አሳመናቸው።

ሃርድ ዲስኮቹን የበሳነው ግቢያችን ውስጥ፣ ከብረት ሠሪ ጎረቤታችን በተዋስነው መሰርሰሪያ ነው። ሽንኩርት ሻጯን ጠርቻት ነበር፤ ትመጣለች ብዬ ግን አላሰብኩም። መጣች። የእሷ ደብዳቤ ያለበት ተራው ሲደርስ «እኔ ልያዘው» አለች። ቴክኒሻኑ መነጽሩን አውልቆ አደረገላት፣ እንዴት እንደሚያዝም አሳያት። መሰርሰሪያው ብረቱን እስኪያልፍ ድረስ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አንስታ በእሱ በኩል አየች፤ ነጠላዋን አራግፋ፣ ማንንም ሳታመሰግን ወደ ገበያዋ ሄደች።

ቴክኒሻኑ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ጽፎ አስፈርሞኝ ሄደ፤ የተሰበሩት ሞኒተሮች እዚያው የኋላ ክፍል ቀሩ። የቀሩት ሦስት ኮምፒውተሮች ግን አልተገኙም። በየጥገና ቤቱ ዞሬ ቁጥራቸውን ሰጥቻለሁ፤ ደብዳቤያቸው በውስጣቸው ሊኖር የሚችል ደንበኞቼን እያስታወስኩ እየሄድኩ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ በሩን ዘግቶ ይሰማኛል።