ጭሱ በየት ይውጣ

ክንፉ ሳምንቱን ሙሉ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛም አትክልተኛም ሆኖ ይሰነብትና፣ በእረፍት ቀኑ በጁምዓ ጠዋት ጀሪፍ ወዳለችው የኪራይ ቤቱ ገብቶ እንደ ተቆረጠ ግንድ ይጋደማል። ያን ጁምዓ ግን መኝታ አልነበረም። መንገዱን በሱቅ ዐረቢ ገበያ በኩል አዙሮ፣ አንድ ያገለገለ ሸፋጥ በብብቱ ሸጉጦ ገባ። ሸፋጥ ካርቱሞች ጓዳ ግድግዳ ላይ የሚገጥሙት፣ ጭሱን ስቦ ወደ ውጭ የሚተፋው ማራገቢያ ነው።

«ጉልበቱ አይጣል ነው» አላት ሚስቱን ስንቅነሽን። «ሻጩ ‹ወላሂ ድመት ይስባል› ብሎ ምሎልኛል።»

«ድመት መቼ አስቸገረችኝ፤ ጭሱን ይሳብልኝ እንጂ» ብላ ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደማት። አንዴ ከጀመራት እንዲህ በቀላሉ አይለቃትም። እስኪያልፍላት ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። ሐኪሙ «ጭስ ውስጥ መዋሉን ካልተውሽ ይሄ ደረት አይድንም» ካላት ወዲህ፣ ክንፉ ያን ሳል በሰማ ቁጥር ሸፋጥ ሲያጠያይቅ ከርሟል።

ነገሩ የባሰው በጾሙ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። አሮጌው ሸፋጥ ሲያቃስት ከርሞ በጾሙ መግቢያ ዝም አለ። ስንቅነሽ ደግሞ ለዘጠኝ ሰዓት የሚደርሰውን የጾም ወጥ የምትሠራው በቀትር ነው። የቤቱ አከራይ ሃጃ ሉጥፊያ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሱዳናዊት፣ ከጠባቧ መተላለፊያ ማዶ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ስለዚህ ስንቅነሽ መስኮቱን ትዘጋለች፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ትወትፋለች፤ ከዚያ በርበሬውን ታቁላላለች። ጭሱም መውጫ ሲያጣ እሷ ደረት ውስጥ ይገባል።

«መስኮቱን ክፈቺው» ብሏት ነበር ክንፉ።

«በጾማቸው? እኔ ልሳል እንጂ የሰው ምራቅ አላስውጥም።»

አሁንም ያግባባት የአሮጌው ሸፋጥ ቀዳዳ ወደ መተላለፊያው የሚከፈት ስለሆነ ነው። በዚያ በኩል መንገደኛ የለም፤ ሽታውን ነፋስ ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል አላት። እሷም እያመነታች እሺ አለች።

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የአሮጌው ሸፋጥ ብሎኖች ዝገው ከጡቡ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ካቻቢቴው እየተንሸራተተ እጁን ላጠው። የስንት ዓመት ቅባት የጠጣው ማራገቢያ በመጨረሻ ተነቅሎ ሲወጣ፣ አዲሱ ከቀዳዳው ሰፍቶ ተገኘ። በእስካርፔሎ ዙሪያውን ሲፈለፍል የጡብ ዱቄት በላብ ተለውሶ አንገቱ ላይ ጭቃ ሆነ። ዐይኑ በየመሃሉ ክድን ይላል።

«ክንፍዬ፣ እንቅልፍ ወስዶህ እላዬ ላይ እንዳትወድቅ!»

«አይዞሽ፤ ከወደቅኩም መውደቁ ይቀሰቅሰኛል።»

ሽቦውን አገናኝቶ በናስትሮ ጠቀለለና ሶኬቱን ሰካው። ሸፋጡ ጓ ብሎ ተነሣ። ስንቅነሽ ሽንኩርቱን አቁላልታ በርበሬውን ስትጨምር ጭሱ እንደ ተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጠበቀች። አልሳለችም።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው ቀስ ብላ። ክንፉ «ተመስገን» ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ።

ገና ጎኑ ሳያርፍ ከመተላለፊያው ማዶ ማስነጠስ ተሰማ። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ጩኸት። ሃጃ ሉጥፊያ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ ጓዳው በር ላይ ደረሱ።

«ያ ክንፉ! ምን አድርጌህ ነው? ጋደም ብዬ ጾሜን በምገፋበት ክፍሉን በሸጣ፣ በበርበሬ ሞላኸው!»

ክንፉ ያን ጊዜ ገባው። በዚያው ወር ሃጃ አልጋቸውን ወደዚህኛው ክፍል አዛውረው፣ ሙከየፋቸውን፣ ያን በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ልክ ከቀዳዳው ትይዩ መስኮቱ ላይ አስገጥመዋል። ሙከየፉ የውጭውን አየር በረጠበው ገለባ እየሳበ ወደ ክፍሉ ይነፋል። ሸፋጡ የተፋውን በርበሬ ተቀብሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ፊታቸው ላይ ሲያርከፈክፍ ነበር። ክንፉ ሙከየፉን አይቶታል፤ ግን የደከመ ዓይን ያያል እንጂ አያስብም።

ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ። ጭሱ ተመልሶ ጓዳውን ሞላ፤ ስንቅነሽም እጥፍ ብላ ሳለች። የሃጃ ቁጣ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? መስኮቱንስ ማነው የዘጋው?»

«እኛ ነን ሃጃ» አለ ክንፉ። «በጾምዎ ሽታው እንዳይመጣብዎት ብለን ነው።»

«ረመዳን ከገባ ጀምሮ?»

ስንቅነሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሃጃ በእጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ሱብሃነላህ! እኔ ጾመኛ ነኝ እንጂ ሕፃን ነኝ? የወጥ ሽታ የጾም ምንዳዬን ይጨምርልኛል እንጂ ጾሜን ያፈርሳል ያላችሁ ማነው? በርበሬውን አፍንጫዬ ውስጥ መተኮሳችሁን ግን እንጃ፣ እሱን አላህ ይየው!»

«አሁኑኑ እነቅለዋለሁ» አለ ክንፉ። ድምፁ ዛለ። ከነቀለው የስንቅነሽን ደረት፣ ከተወው የሴትዮዋን ቤት ሊያጣ ነው።

«ነቅለህ እዚህ አድርገው።» ሃጃ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ጠቆሙ።

በሰው አገር፣ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ክንፉ በሕልሙም አስቦት አያውቅም። «ሃጃ፣ ይሄ እኮ የመንገዱ ነው። አላፊ አግዳሚው ጾመኛ ነው።»

«አላፊ አግዳሚው ይለፍ! ግድግዳው የማን ነው? ያላ፣ መዶሻህን አንሣ።»

ክንድ የሚባል ነገር አልቀረለትም፤ አነሣ። ሃጃ ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! አጠመምከው!» እያሉ አሠሩት። አቧራው ሲበዛ ይራገማሉ፤ ስንቅነሽ ስትስል «አንቺ ወደ ውጭ ውጪ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ» ይሏታል። አሮጌው ቀዳዳ በጡብና በሲሚንቶ ተደፈነ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሸፋጡ በአዲሱ ቦታው ዞረ፤ የቆመው ወጥም ተመልሶ ተጣደ።

ወዲያው ከመንገዱ አንድ የወንድ ድምፅ «ያ ሰላም! ይሄ ምን ዓይነት ሽታ ነው!» ሲል ገባ።

ስንቅነሽ በኀፍረት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሃጃ ግን አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው አስግገው፣ «ጹም! አዛን ገና ነው!» ብለው ጮኹበት፤ ሰውዬውም እየሳቀ ሄደ።

ክንፉ ይህን አልሰማም። አሸዋና ጡብ በጸጉሩ እንደሞላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠበት ወስዶት ነበር። ስንቅነሽ ልትቀሰቅሰው አልጨከነችም። ወጡን አማሰለች፤ ደግማ አማሰለች። አንድ ጊዜ ትን አላትና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አለፈላት። በረጅሙ ተነፈሰችና ከወጡ ለሃጃ ማፍጠሪያ የሚሆነውን በሌላ ድስት ከፈለች።