ለቀዩ ቀለም የተተወ ቦታ

ልጅ እያለሁ፣ በሰቆጣ ከተማ የእንግሊዝኛን ሰዋስው እንደ ዳዊት የደገመ ሰው ከእኔ በቀር የነበረ አይመስለኝም። አስደጋሚዬ አባቴ ነበሩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውንም ብራና ሲፍቁና መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩ ቁም ጸሐፊ። ከእንግሊዝኛ ፊደል አንዲቱን እንኳ አያውቁም። ቢሆንም የስምንተኛ ክፍል ፈተና የደረሰብኝ ዓመት፣ "ልጅ ብቻዋን አታጠናም፤ ቃሏን የሚሰማላት ሰው ያስፈልጋታል" ብለው ራሳቸውን በራሳቸው ሾሙ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ግቢ ውስጥ የፍየል ቆዳ በእንጨት ወጥረው ይፍቃሉ። የእርጥብ ቆዳው ሽታና ከጥላሸት የሚበጠበጠው የጥቁር ቀለም ሽታ ተቀላቅለው ከበሩ ይቀበሉኛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ለእሳቸው እሰጥና በቃሌ እጀምራለሁ። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፤ ካፒታል ሌተር የት የት እንደሚገባ፤ ኮማ፣ ፉል ስቶፕ፣ የጥያቄ ምልክት። የምለው አይገባቸውም፤ ግን ጆሯቸው የዜማ ጆሮ ነው።

"ቆይ" ይላሉ መፋቂያውን ሳያቆሙ። "እዚህ ጋ ትናንት አልተነፈስሽም።"

"ኮማ አለው፣ አባዬ።"

"ትናንትና የት ሄዶ ነበር?"

ከተሳሳትሁ ከመሃል መቀጠል የለም፤ እንደ ቆሎ ተማሪ ከ"ሀ" ነው። አንዳንዴ ሕጉን ራሱን ይመረምሩታል። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መዝጊያ አንዲት ነጥብ ብቻ መሆኗን ስነግራቸው፣ "የቀሩትን ሦስቱን ለማን አስቀመጧቸው? ቀለም ተወዶባቸው ይሆን?" አሉ። "እኔ" የሚለው ቃል የትም ቦታ ቢገኝ በትልቅ ፊደል እንደሚጻፍ የሰሙ ቀን ግን መፋቂያውን አስቀመጡ።

"'አንተ'ስ?"

"እሱ በትንሹ ነው፣ አባዬ።"

መፋቂያውን መልሰው አንሥተው፣ "እንግዲህ ለፈተናው ያህል አጥኚው፤ ልብሽ ውስጥ ግን አታስገቢው" አሉኝ።

ያ ፈተና ለእኔ ከማርክ በላይ ነበር። ያን ዓመት ከገና በኋላ ከአበርገሌ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ከብቱ የበዛ፣ ስሙ የተመሰገነ ቤት ነው፤ ልጃቸውም ክፉ ነው አይባልም። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ከእኔ የሚያንሱ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተድረዋል። አባቴ ግን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ካስተናገዱ በኋላ፣ "ልጅቱ ፈተና ይዛለች። ለፈተናው ከበቃች ደሴ እህቴ ዘንድ ሄዳ ትማራለች። ካልበቃች ከጾሙ በፊት እንነጋገራለን" ብለው ሸኟቸው። ዓቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቢቀረው ነው። የሚኒስትሪው ፈተና ሰኔ ላይ ቢሆንም፣ ስማቸው ወደ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ የሚላክላቸውን ልጆች ትምህርት ቤቱ በጥር በራሱ ፈተና ይመርጥ ነበር። በእንግሊዝኛ የወደቀ ስሙ አይላክም።

እዚህ ላይ የቤታችንን አንድ ሥርዓት ልንገራችሁ። በአባቴ እጅ የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በጥቁር ቀለም ተጽፎ አያውቅም፤ በቀይ ነው። ቀዩ ደግሞ በየመሃሉ አይነሣም። መጀመሪያ ጥቁሩን ብቻ እየጻፉ ይሄዳሉ፤ ስሙ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ በልኩ ክፍት ይተዉና ያልፋሉ። ጥራዙ ሲያልቅ እጃቸውን ታጥበው፣ ሌላ የመቃ ብዕር ቀርጸው፣ ክፍቱን ሁሉ በቀይ ይሞላሉ። የእኔ ሥራ አንድም እንዳይዘለል ክፍቶቹን መቁጠር ነበር። መጻፍ የተማርሁት እዚያው አጠገባቸው፣ በብራና ቁራጭ ላይ፣ በዚሁ ሥርዓት ነው። ሌላ አጻጻፍ መኖሩንም አስቤበት አላውቅም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ሕንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ደግ ሰው። አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን ስለማይለይ እኛን ሴቶቹን "አንቺ ጎበዝ ነህ" እያሉ ያስቁን ነበር። የፈተናው ቀን ሰዋስው ጠየቁን፤ ኮማና ነጥብ የሌለው ጽሑፍ ሰጥተው አስተካክሉ አሉን። ይህን ሁሉ በልቤ እያዜምሁ እንደ ውኃ አወረድሁት። በመጨረሻ፣ "ስለምታውቁት በዓል አንድ ገጽ ጻፉ" አሉ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ የታቦቱ መውረድ፣ የወንዙ ዳር ድንኳን ገና ከዓይኔ አልጠፋም። ጻፍሁ። ጌታችን በማን እጅ እንደተጠመቀ፣ የእመቤታችን ታቦት፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እንዴት እንደተመለሱ። ስሞቹ ጋ ስደርስ እጄ በልኩ ክፍት እየተወ አለፈ። ገጹን ጨርሼ እንደ ልማዴ ቆጠርሁ፤ ዐሥራ አንድ። ቀይ እርሳስ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ ነበርና ቋጠሮውን ስፈታ ደወሉ ተመታ።

"ሚስተር፣ ቀዩ ቀረኝ" አልሁ።

ሚስተር ቶማስ ወረቀቱን ከእጄ እየሳቡ፣ "ቀይ የአስተማሪ ነው" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ስማቸው የሚላክ ልጆች ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔ የለሁበትም። ወረቀቴን ሲሰጡኝ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ የጥያቄ ምልክት ቆሞበታል። "ማን ተጠመቀ? ማን አጠመቀ? ሰው የለም" አሉኝ እያዘኑ። "አንቺ ጎበዝ ነህ። ግን ሰው የለም።"

ቤት ስደርስ አልቅሼ አላባራሁም ነበር። እናቴ ነገሩን ስትሰማ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና የእመቤታችንን ስም ጠርታ አቀፈችኝ፤ ጥቂት ቆይታ ግን፣ "እንግዲህ የአምላክ ፈቃድ ነው፤ የአበርገሌዎቹም ሰዎች ክፉ አይደሉም" አለች። አባቴ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ወጡ። አያነቡትም፤ ነገር ግን ጣታቸውን ክፍቶቹ ላይ አንድ በአንድ ሲያሳርፉ አየሁ። እስከ መጨረሻው ቆጠሩ።

"አንዱንም አልዘለልሽም" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ያላለቀ ጥራዝ በጨርቅ ጠቅልለው ከእኔ ጋር ወጡ። ትምህርት ቤቱን ደጁን እንኳ ረግጠው አያውቁም። ሚስተር ቶማስ ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ተነሡ። አባቴ ሰላምታቸውን ሰጥተው ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጥቁሩ ጽሑፍ ረድፍ ይዟል፤ በየመሃሉ ነጭ ክፍት አለ።

"ጠይቂያቸው" አሉኝ፤ "ይህ መጽሐፍ ተሳስቷል ወይ?"

እንደ ምንም ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። ሚስተር ቶማስ ጎንበስ ብለው ብራናውን አዩ፤ ወዲያው የእኔን ወረቀት ከእጄ ተቀብለው ጎኑ አስቀመጡት። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ በራሳቸው አማርኛ፣ "አልተሳሳተም። አላለቀም" አሉ።

"የእሷም እንዲሁ ነው" አሉ አባቴ።

ተስፋ አደረግሁ። ሚስተር ቶማስ ግን ራሳቸውን እያሻሹ፣ "አባት፣ ፈተና ሰዓት አለው" አሉ። "ሰኔ ሲመጣ ቀይ የለም፤ ክፍትም የለም። እሷ ትችላለህ?" ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ ገፉት። ሰማያዊ ነበር። "አሁን ሙላ። በዚህ።"

ብዕሩን አላነሣሁትም። አባቴን አየሁ። የጌታን ስም በተገኘው ቀለም በዋዛ ጽፎ የሰጣቸውን ደቀ መዝሙር ብራናውን ፍቀው ባዶ ሲያደርጉበት አይቻለሁ። ጥራዛቸውን ጠቅልለው "ነዪ፣ እንሂድ" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ጻፊ" አሉ።

"አባዬ፣ በዚህ ቀለም?"

"ጻፊ ልጄ። የሚያስጠይቅ ከሆነ እኔ እጠየቅበታለሁ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ዐሥራ አንዱን ስም፣ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ እያደረግሁ ጻፍሁ። ስጨርስ ሚስተር ቶማስ አነበቡትና ወጥተው በሩ ላይ ካለው ዝርዝር ግርጌ ስሜን በገዛ እጃቸው ጨመሩ።

ሰኔ ላይ ተፈተንሁ፤ አለፍሁም። በመስከረም እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባሁ። ከደሴም ሥራ ወደ ደቡብ ወሰደኝ፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ይኸው ጡረታ የወጣሁትም ጂንካ ነው። ለአባቴ ቀብር አልደረስሁም። መርዶው የደረሰኝ በዐሥረኛው ቀን ነበር።

ለዓመታቸው ተዝካር ስሄድ እናቴ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ከትምህርት ቤት የተመለስን ዕለት አባቴ በቀጥታ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ዐሥራ አንድ ቀን ስግደት ተቀበሉ፤ ለአንድ ስም አንድ ቀን። "ጥናቷን እንዳትተው፤ አትንገሪያት" ብለዋት ኖሯል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በእነዚያ ቀናት ቃሌን ሲሰሙ መቀመጥ እምቢ እያሉ፣ ቆመው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። ምን ሆኑ ብላቸው፣ "ብርድ ነው፤ አንቺ ቀጥዪ" ይሉኛል። እኔም እቀጥል ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ በስልኳ ስትጽፍ አያታለሁ። ትልቁን ፊደል ስልኩ ራሱ ያደርግላታል፤ ነጥቡንም ይጥልላታል፤ የጌታን ስም በፈለገችው ቀለም ብትጽፍ ማንም ምንም አይላትም። መልካም ነው፤ ልጆች በቀላሉ ይማሩ። እኔም አርባ ዓመት ያህል በሰማያዊና በጥቁር ስጽፍ ኖሬአለሁ፣ ሳልፈራ። ፍርሃቱን የተሸከሙልኝ ሰው ነበሩኝ፤ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ከማያውቁት ቋንቋ ውስጥ የኮማዬን እስትንፋስ እያዳመጡ።