ባለ ጎማው አልጋ በካሚዮን ላይ

ወለላ ሰው አታምንም። ማንን ትመን? ባሏ እንደሆነ እሷ ነፍሰ ጡር ሳለች ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ገብቷል፤ ለጠየቀ ሁሉ ግን «ለንግድ ሄዷል» ነው መልሷ። የደብረ ማርቆስ ሰው መቼ አምኖ! የአንዲት ጣሊያናዊት እመቤት፣ የሲኞራ ልብስ አጣቢ ነበረችና፣ ወንድ ልጅ ስትወልድ «የማን ይሆን?» መባል ጀመረ። ክርስትና ሊያነሣላት ቃል የገባው ጎረቤቷ ገብረ ኪዳን እንኳ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ሸሸ። ወገቡን ይቁረጠውና!

የልጁ አርባ ቀን ነገ ነው። ክርስትና አባት ከሌለው ማን አቅፎ ያስጠምቀዋል? ደጀን እናቷ አሉ፤ እዚያ አንድ ሰው አይጠፋም ብላ እህል በጫነ ካሚዮን ላይ ልትሳፈር ወጣች። የአራስ ወገቧ አንቀልባ አልችል ስላለ፣ ሲኞራዋ አገሯ ስትገባ የተወችላትን ባለ ጎማ የሕፃን አልጋ እንደ ጋሪ እየገፋች ነበር።

ከካሚዮኑ ላይ የተቀመጡት እማማ ዘሪቱ ጋሪውን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ምነው፣ አንቀልባ ነውር ሆነ? ወይስ የፈረንጅ ልጅ በቁርበት አይታዘልም?» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። ወለላ ጋሪውን ወደ ካሚዮኑ አስጠጋች።

አንድ ቡሉኮ የደረበ ሰው ብቻ «እኅቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ ላንሣልሽ» ብሎ ተነሣ። ሙላት እባላለሁ አለ። ሕፃኑን ለእናቱ አስታቀፈ፤ ጋሪውን ብቻውን ተሸክሞ አወጣ፤ ፍራሹንም ደልድሎ አነጠፈላት። ከዚያ ጎማው እንዳይንከባለል መንገዱን ሙሉ በእጁ ይዞ ተቀመጠ።

ይኼ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ባሏን የሚፈልግ ባንዳ ቢሆንስ?

«ባልሽ የት ነው?» አላት።

«ለንግድ ሄዷል።»

«ምን ይነግዳል?»

«ጨው» አለች። ከዚያ በኋላ የተኛች መስላ ዓይኗን ጨፈነች።

ደጀን ሊደርሱ ሲሉ ኬላ ላይ ባንዶች ሁሉንም አስወረዱ። ጆንያው ተወጋ፤ የእማማ ዘሪቱ የስንቅ አገልግል ሳይቀር ተገለበጠ። ሙላትንም ቡሉኮውን አስወልቀው በረበሩት። አንዱ ባንዳ ጋሪው ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ።

«የማን ነው?»

«የሲኞራዬ» አለች ወለላ፣ ሌላ ነገር አፏ ላይ ቢጠፋባት።

የጌቶች ዕቃ መንካት ፈራና አለፋት። ወለላ ዞር ብትል የሙላት ፊት ላብ በላብ ሆኗል። ምነው አሁን ምን አስፈራው?

ካሚዮኑ እንደ ተነሣ ሕፃኑ አለቀሰ። ረጥቦ ይሆን ብላ እጇን ከፍራሹ ሥር ብትሰድ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘች። ዳበሰችው። ጥይት! በስመ አብ! ፍራሹን ሲደለድል ነው የከተተው። ባንዳው እጁን ቢሰድ ኖሮ እሷም ልጇም አብቅቶላቸው ነበር። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ጩኸቱ ግን ልጇንም ያስበላል። ደጀን እስኪደርሱ ፍራሹን በእጇ ተጭና ተቀመጠች።

ከወረዱ በኋላ ከአንድ አጥር ጀርባ ቡሉኮውን ጨምድዳ ያዘችው።

«በእግዜር፣ ዕቃዬን ስጪኝና ልሂድ» አለ ሙላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፤ ጥይት ጨርሰዋል።»

«የትም አትሄድም! ልጄ ነገ ክርስትና ይነሣል። የምታነሣው አንተ ነህ።»

ሙላት ጋሪውን አየ፤ ሕፃኑንም አየ። የካሚዮኑ ወሬ እሱም ጆሮ ገብቷል። «የማን ልጅ መሆኑን ሳላውቅ?» አለ።

«ጥይትህን ከሥሩ ስታስተኛ የማን ልጅ ነው ብለህ ጠይቀሃል?»

ሙላት ጋሪውን ከእጇ ወሰደና መግፋት ጀመረ።

«ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?» አለ።

«እሱን ነገ ታየዋለህ» አለችው ወለላ ከጎኑ ሳትርቅ። «ጥይቱ ግን እስኪጠመቅ ድረስ ከልጄ ጋር ያድራል። ሰው ማመን ቀብሮ ነው።»