አንድ ምት የጎደለው ዜማ

ዳቡኦ ሲወለድ ሁለቱንም እጆቹን ጨብጦ ነው የወጣው። አዋላጇ ጣቶቹን ልትፈታ ብትሞክር እምቢ አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቦፒየን መንደር ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ልጁ ባላፎን የሚባለውን የዜማ መሣሪያ መምቻ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ እግሩ እንደጸና አጎቱ ወስዶ ደጃፉ ላይ ጉድጓድ ቆፈረለት፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ አሮጌ የባላፎን እንጨቶች ረበረበለትና "በል ምታ" አለው። እውነተኛው ባላፎን ከየእንጨቱ ሥር ቅል የተንጠለጠለበት፣ የቅሉ ቀዳዳ በሸረሪት እንቁላል ስስ ልባስ የተለጠፈ፣ ሲመቱት እንደ ንብ የሚነዝር ነው። እሱ ለልጅ አይሰጥም።

አሁን ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት የኖረው ለቅሶ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ አገር ባላፎን ያልተመታበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ሟች ምርጥ ልብሱን ለብሶ ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ መቺው ዛፍ ሥር ይሆናል፤ አልቃሹ እንጨቱ የሚናገረውን እየተቀበለ ሙሾ ያወርዳል። ዳቡኦ መምቻ ከማንሳቱ በፊት ስለ ሟቹ ጠይቆ ይጨርሳል። ማንን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፎ ሞተ? ምን ላይ ጎበዝ ነበር? ምን ይደብቅ ነበር? ከዚያ ያንን ሁሉ ያወጣዋል። ባሏ ሲሞት ዓይኗን ያላሸችውን ሴት፣ "ይሄስ ድንጋይ ነው" የተባለውን ወንድም ሁሉ አስለቅሷል። ሰው እርሙን ያወጣ ዘንድ የተፈጠረ እጅ ነው ይሉታል።

እሱ ራሱ ግን አልቅሶ አያውቅም። አባቱ የሞተው እሱ ሳይድህ ነው። እናቱ ስትሞት ከወንዙ ማዶ ለሌላ ሰው እናት ሲመታ ነበር፤ ሲመለስ ተቀብራለች። አጎቱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ "የመቺ እጅ ደረቅ ይሁን፣ ያለዚያ መምቻው ያመልጥሃል" ሲለው አድጓል። ዳቡኦ ይህን ምክር እጁ ላይ ብቻ ማዋል ሲገባው ሁለመናው ላይ አዋለው።

የራሱ የሆነ አንድ ዜማ አለው። ሬሳው ከመደቡ ከመውረዱ በፊት የሚመታው፣ ከላውራ ገበያ እስከ ጥቁሩ ቮልታ ወንዝ ድረስ ሰው የሚያውቅለት ዜማ ነው። መጨረሻው ላይ ወፍራሙን እንጨት ሦስት ጊዜ ይመታል። አንዱ ለሟች፣ አንዱ ለቀሪ፣ ሦስተኛው በሩን መዝጊያ ነው ይላል። በዚህ ሦስት ላይ ቀልድ አያውቅም።

ብቸኛ ሴት ልጁ አንግሶ ይህን ዜማ ሰረቀችው። ሴት ባላፎን አትነካም፣ ስለዚህ ወደ ወፍጮዋ ወሰደችው። ማለዳ መጁን እየገፋች ዜማውን ታንጎራጉራለች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጁን በድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ታንኳኳና ዝም ትላለች። ዳቡኦ ከግድግዳው ወዲያ እንጨት እየፋቀ ይጠብቃል። ሦስተኛው አይመጣም።

"ሦስት ነው!" ብሎ ይጮሃል።

ትስቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ሁለት ላይ ታቆማለች። ይህ ዓመቱን ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ማለዳ ነው። ሚስቱ ፐርፔቱዋ፣ "ተዋት እባክህ፣ ዱቄት ነው የምትፈጨው እንጂ ሰው አትቀብር" ትለዋለች። እሱ ግን ልጅቷ ጆሮ እንደሌላት ቆርጦ ነበር። ለሰውም ይናገር ነበር። "ፈጣሪ ሁሉን ሰጥቷት ጆሮ ነፈጋት" እያለ።

አንግሶ ዛግቤ በሚባል መንደር ለሚኖር ዚየም ለሚባል ሰው ተዳረች። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስትመጣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወፍጮው ጋ ትሄዳለች፣ የሚፈጭ ነገር ባይኖር እንኳ ጭብጥ ማሽላ ከእናቷ ትለምናለች። ዳቡኦም "አሥራ አንድ ዓመት ባል ቤት ኖረሽ አሁንም አልተማርሽም" ይላታል። እሷ ትስቃለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የዚየም ታላቅ ወንድም ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት ያዛት፣ በአራተኛው አልነጋላትም፣ አለ። ዳቡኦ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣

"ማነው የሚመታላት?" አለ።

የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር። ፐርፔቱዋ ይህን ሰምታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

የሚመታው የዛግቤው መቺ ፖሬኩ ነው። ዳቡኦ ፖሬኩን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ገበያ መሃል፣ ጠላ ቤት ተሰብስቦ በነበረ ሰው ፊት፣ "እሱ ባላፎን አይመታም፣ ዶሮ ነው የሚያባርር" ብሎታል። ሰው ስቆ ፖሬኩ አንገቱን ደፍቶ ወጥቷል። አሁን ያው ፖሬኩ ለልጁ ሊመታ ነው። ዳቡኦ መምቻውን ነጥቆ ሊይዝ አይችልም፤ አባት ለልጁ አይመታም፣ ያገባች ሴት ደግሞ የምትለቀሰው በባሏ መንደር፣ በባሏ መንደር መቺ ነው።

ባለሦስት እግር የጭነት ሞተር ላይ ተጭነው ሲሄዱ ፐርፔቱዋ ጎኑ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ አብጧል።

"ዳቡኦ፣ ስማኝ" አለችው። "ዛሬ መቺ አይደለህም። አባት ነህ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ወንድምህን አስታውስ።"

ወንድሙ ሚስቱ ስትሞት አላለቀሰም። ደግሞም ጀግና ተብሎ ተመሰገነ። በሁለተኛው ክረምት ማሳው መሃል ቁጭ አለና አልነሳም አለ፤ አልበላም አለ፤ እንደተቀመጠ አለቀ። ያልወጣ እርም ከሰውዬው ጋር ቤት ይገባል ይላሉ በዚያ አገር። ፐርፔቱዋ የፈራችው ይህን ነው። ልጇን ቀብራ ባሏንም መቅበር አልፈለገችም።

ዛግቤ ሲደርሱ ደንቡ ተፈጸመ። አባትና እናት ወገባቸው ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ሐዘን ሲያብድባቸው ራሳቸውን እንዳይጎዱ ሌላ ሰው ከኋላ ይይዝላቸዋል። የዳቡኦን ገመድ የያዘው ሶምዳ ነበር። የሶምዳ ጎሳና የዳቡኦ ጎሳ የቀልድ ዘመዶች ናቸው፤ በለቅሶ ላይ እንኳ፣ ይልቁንም በለቅሶ ላይ፣ እንዲሳደቡ ተፈቅዶላቸዋል።

"ላጥብቀው ወይስ ላላላው?" አለ ሶምዳ። "ፍየል አስሬ አውቃለሁ። ፍየሏ ግን ቢያንስ ትጮህ ነበር።"

"ዝም በል።"

"ሠላሳ ዓመት የሰው እንባ ስታፈስ ኖረህ የራስህን ቆጠብክ። አንተ ስስታም፣ ለማን ልታወርሰው ነው?"

ዳቡኦ መደቡን አየ። አንግሶ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። ሻሿን አጥብቀው ግንባሯ ድረስ አስረውላታል፤ እሷ እንዲህ አታስርም ነበር። ሁለቱ ልጆቿ ከአክስታቸው ጉልበት ሥር ናቸው። ዳቡኦ ይህን ሁሉ አየ። ምንም አልመጣም። ዓይኑ እንደ በጋ ማሳ ደርቋል። ራሱን ፈራ። ልጁን አልወዳትም ነበር እንዴ?

ከዛፉ ሥር ፖሬኩ ይመታል። ሴቶቹ እየተሯሯጡ ወደ መደቡ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ፐርፔቱዋን ሁለት ሴቶች ይዘዋታል፣ ድምጿ ተዘግቷል።

"ስድስተኛዋ ቅል ተቀድዳለች" አለ ዳቡኦ።

"ምን?"

"ልባሷ ተቀድዷል። አትነዝርም። ስማት።"

ሶምዳ ገመዱን ሳብ አደረገው። "ዳቡኦ፣ ልጅህ ሞታለች።"

"ተቀድዳለች እኮ ነው የምልህ።"

ሶምዳ ቀልድ አጣ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፣ ወንድሜ" አለው። የዳቡኦ ጆሮ ሥራ ላይ ነበር፤ እዚህ ጋ ፈጠነ፣ እዚያ ጋ ግራ እጁ ሰነፈ እያለ የፖሬኩን ጥፋት ይለቅም ነበር። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ቆመ። የዛግቤ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የማሽላ ጠላ በቅል አቀረቡለት፣ ጠጣ። አንዲት አሮጊት ጮክ ብላ፣ "ልጅቷ አባት የላትም እንዴ?" አለች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ሬሳው የሚወርድበት ሰዓት ሲቃረብ፣ ፖሬኩ ላቡን ጠረገና ዳቡኦን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ለአልቃሹ አንድ ነገር ሹክ ብሎ የዳቡኦን ዜማ ጀመረ።

የሚሯሯጡት ሴቶች ቆሙ። ባለቤቱ ቆሞ እያየ ዜማውን መምታት ድፍረት ነው። ሶምዳ ገመዱን በእጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመ፣ ዳቡኦ ሄዶ የሚደበድበው መስሎት። ዳቡኦ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያደምጣል። ፖሬኩ አልተሳሳተም። መነሻው ላይ አልተሳሳተም፣ መሃሉ ላይ አልተሳሳተም። መጨረሻው ደረሰ። ወፍራሙን እንጨት መታ፣ ደገመ፣ እጁን አነሳ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

"ሦስት ነው!"

ዳቡኦ መጮሁን ያወቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ነው። ፖሬኩ መምታቱን አቆመ። ዳቡኦ ወደ እሱ ሄደ፣ ሶምዳም ገመዱን ይዞ ከኋላው።

"ሦስት ነው! እንዲህ ብሎ ማነው ያስተማረህ?"

ፖሬኩ ተነስቶ መምቻዎቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። "ይቅርታ አባባ። ላከብርዎት ብዬ ነው። የእርስዎን ነው የመታሁት።"

"የኔ ሦስት ነው።"

"እኔ እርስዎ ሲመቱት ሰምቼ አላውቅም፤ ከአንግሶ ነው የለመድኩት። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። በየማለዳው ወፍጮዋ ላይ ትለው ነበር። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ እንኳ ለወጥ የሚሆን ኦቾሎኒ በእጇ ትፈጭ ነበር፣ እሱን ለማለት።" ፖሬኩ በእጁ ወደ አንግሶ ቤት ጠቆመ። "አንድ ቀን 'አላለቀም እኮ' አልኳት። 'ቀሪውን አባቴ ነው የሚጨርሰው' አለችኝ። እኔም የቦፒየን ደንብ መሰለኝ። ሁለቱን መቺው ይመታል፣ ሦስተኛውን ሽማግሌው ይላል ብዬ። ቅድም 'ሦስት ነው' ሲሉም ... ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።"

ዳቡኦ አፉን ከፈተ። ሊያርመው ነበር፤ እንዲህ ያለ ደንብ የለም ሊለው ነበር። "ሦስ ..." አለና ድምፁ ተሰበረ። ጆሮ የላትም ያላት ልጅ ዜማውን ሳታጓድል፣ አንዲት ምት ብቻ ሆን ብላ እየተወችለት፣ ከግድግዳው ወዲያ ድምፁን ስትጠብቅ ኖራለች። ባል ቤት ሄዳም ያንኑ ሁለት መትታ ዝም ብላ፣ መልስ የማይመጣበት ግድግዳ አጠገብ፣ አሥራ አንድ ዓመት።

ያን ጊዜ ሮጠ። በስድሳ ዓመት ጉልበቱ ወደ መደቡ ሮጠ፣ የስድሳ ዓመት እንባ ከነንፍጡ ወረደ፣ እንደ ሕፃን እሪ አለ፣ የአንግሶን እግር ይዞ ስሟን ጠራ። ሶምዳ ከኋላው እየተደናቀፈ፣ "ሩጥ አንተ ፍየል፣ ገመዱ ረጅም ነው" ይላል፣ እሱም እያለቀሰ። ፐርፔቱዋ ይህን ስታይ የያዟትን ሴቶች "ልቀቁኝ፣ አሁን ደህና ነኝ" አለቻቸው።

ሲያባራለት ፖሬኩ በፍርሃት ቀረበ። "አባባ፣ ሦስት ላድርገው?"

"ተወው" አለ ዳቡኦ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ። "ሁለት ምታ።" ትንሽ ሄደና ተመለሰ። "ስድስተኛዋን ቅል ግን ነገ አምጣልኝ፣ እለጥፍልሃለሁ።"

ፖሬኩ መታ። ሁለት መትቶ እጁን ሲያነሳ ዳቡኦ ከገመዱ ጫፍ ላይ "ሦስት ነው!" እያለ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ጠበቀ። በሦስተኛው ዙር አልቃሹ አብሮት አለ። ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፤ የቦፒየን ለቅሶ እንዲህ ነው ብለው አምነው፣ እንግዳ ለማክበር። ሬሳው ከመደቡ ሲወርድ የዛግቤ ሰው በሙሉ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ወደ መቃብሩ እየተራመደ ሁለቱን ምት እየጠበቀ "ሦስት ነው!" ይል ነበር። ዳቡኦ ስህተት ሰምቶ ሳያርም ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ግን ስንት ዓመት ሙሉ "ተዋት እባክህ" ስትለው የኖረችው የፐርፔቱዋ የተዘጋ ድምፅ ነበር።