በሰው ስም የተጻፈ ቀጠሮ

ዛሩሂ አንደበቷን ከሐሰት፣ እጇንም ከሰው ገንዘብ የጠበቀች ሴት ነበረች። እንዲህ ባለው ሰው ላይ መከራ የሚገባው በክፋቱ በኩል አይደለም፤ በርኅራኄው በኩል ነው።

በቤይሩት ዳርቻ፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ አርመኖች በሚኖሩበት ሰፈር፣ የአንድ ቤተሰብ ሕንፃዎች በሚከራዩበት ጽሕፈት ቤት ስታገለግል ጸጉሯ ሸበተ። አላገባችም፤ አሮጊት እናቷን ትጦራለች። የሕንፃዎቹ ጌታ በሕይወት ሳሉ ኪራይ የሚሰበሰበው ደረጃው ላይ ነበር፤ በር ይንኳኳል፣ ደኅንነት ይጠየቃል፣ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው «ለትንሣኤ» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያድራል። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ልጃቸው ቪኬን ከሚኖርበት ከዱባይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገዝቶ ላከ። ከዚያ ወዲህ የዛሩሂ ሥራ በየሰኞው ጄኔሬተሩ ሲነሣ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ ውዝፍ ኪራይ ያለባቸውን ሰዎች ሪፖርት አውጥቶ ለቪኬን መላክ ሆነ። ስሙ ለሦስተኛ ጊዜ በቀይ የወጣ ሰው ከቪኬን ጠበቃ የማስለቀቂያ ወረቀት ይደርሰዋል።

ፕሮግራሙ አንዲት የምሕረት በር ነበረችው። ከየስሙ አጠገብ የቀጠሮ ቀን የሚሞላባት ሳጥን አለች። «በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ቃል የገባ ሰው፣ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ስሙ ከሪፖርቱ ይጠፋል።

ይህችን በር ከሁሉ አስቀድሞ ያወቃት ከተከራዮቹ አንዱ፣ ስልክ ሻጩ ጂራይር ነው። ቀጠሮው በደረሰ ቁጥር ብቅ ብሎ፣ በአርመኖቹ ወግ «ዲጊን»፣ እመቤት፣ እያለ ያባብላታል።

«ዲጊን ዛሩሂ፣ የኔ እመቤት፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሻል!»

«ቀኑን ተናገርና ሂድልኝ።»

«እስቲ... ወር በገባ በአሥራ አምስት በይው።»

«ያለፈውም አሥራ አምስት ነበር።»

«ታዲያ አሥራ አምስት ምን አጠፋ? ደግሞ አንቺን ምን ቸገረሽ? ማሽኑ እንደሆነ አምኖኛል!»

ትጽፍለታለች። ስሙ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ጂራይርም እያፏጨ አዲሷን መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

በአራተኛው ፎቅ ግን ሰፈሩ «ባሮን ዬፕሬም»፣ አቶ ዬፕሬም እንደ ማለት፣ እያለ በአክብሮት የሚጠራቸው ጫማ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ሳቴኒክ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ውለዋል። ርካሽ ጫማ ከውጭ ከገባ ወዲህ ሥራ ነጥፏል፤ ኪራዩም ተጠራቅሟል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ስማቸው በቀይ ወጣ። ዛሩሂ ሊፍቱ መብራት ስለሌለው ደረጃውን በእግሯ ወጣችው።

«ባሮን ዬፕሬም፣ አንድ ቀን ብቻ ይንገሩኝ። ደስ ያለዎትን።»

«የምን ቀን ልጄ?»

«የሚከፍሉበት።»

ወስፌያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እሱን እኔ መች አውቄው።»

«ለጽሑፍ ያህል ነው እኮ። ለትንሣኤ ይበሉኝ።»

«ባልከፍልስ?»

«ሌላ ቀን እንጽፋለና! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ያድርግ። በእጄ የሌለውን በአፌ አልሰጥም። ገንዘቡን እንደሆነ አጥቻለሁ፤ ቃሌን ደግሞ አላጣም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቴኒክ፣ «ተዪው ዛሩሂዬ! እወድሻለሁ ለማለት እንኳ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ እስኪያረጋግጥ!» አሉ።

ሦስቱም ሳቁ። ዛሩሂ ግን ደረጃውን ስትወርድ አለቀሰች።

በሁለተኛው ሰኞ ስማቸው እንደገና ወጣ። ሦስተኛው ሰኞ ሲደርስ ዛሩሂ እጇን አጣጥፋ ከኮምፒዩተሩ ፊት ብዙ ተቀመጠች። ሳቴኒክን ያን ሁሉ ደረጃ ማን ያወርዳቸዋል? ወዴትስ ይወስዳቸዋል? ከዚያ በሳጥኗ ውስጥ ከትንሣኤ በኋላ ያለውን ማክሰኞ ጻፈች። ቀዩ ስም እንደ ጤዛ ጠፋ። የዚያን ዕለት በቤተ ክርስቲያን ቆማ ጸሎቱ ከከንፈሯ አልወጣ አለ። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ እግዚአብሔር አንድ መንገድ ይከፍታል ብላ ነበር። ጾሙ ተፈታ፤ መንገድ አልተከፈተም።

ቪኬን ለበዓሉ ከዱባይ መጥቶ፣ በዚያች ማክሰኞ በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተከፈተ። ባሮን ዬፕሬም ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል። ፕሮግራሙ ቀጠሮው ለደረሰ ሰው በራሱ መልእክት እንደሚልክ ዛሩሂ አላወቀችም፤ ጂራይርና መሰሎቹ ሳያነቡ ይሰርዙት ነበርና።

«‹ዛሬ ሊከፍሉ በገቡት ቃል መሠረት› ይላል» አሉ ሽማግሌው። «በእኔ ስም ቃል የገባው ማነው?»

ቪኬን ቀና አለ። «እርስዎ አልገቡም?»

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው የዛሩሂን ፊት አዩ፤ ነገሩ ሁሉ ገባቸው። «ገብቼ ረስቼው ነው» ቢሉ ቤታቸውንም እርሷንም ባዳኑ። ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። ወደ ቪኬን ዞረው፣ «አልገባሁም» አሉ።

«እንግዲያው ማሽኑ ተሳስቶ ነዋ፣ ዲጊን ዛሩሂ?» አለ ቪኬን።

ለእርሷም በር ተከፈተላት፤ አልገባችበትም።

«ማሽኑ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አምነንዎት?»

«አባትህ ቢኖሩ ሳጥን ባላስፈለገኝ ነበር፣ ቪኬን።»

«አባቴማ ደግ ነበር» አለ፤ ድምፁ ደከመ። «ለባንክ የምከፍለው የእሱን የደግነት ዕዳ ነው።»

ከሥራዋ አላስወጣትም፤ ቢያስወጣት በቀለላት። ሳጥኗን ግን ዘጋባት፤ ከእንግዲህ ቀጠሮ የሚጽፈው እርሱ ብቻ ነው። ከዚያም ሪፖርቱን አሁኑኑ እንድታወጣ አዘዛት። አወጣች። የባሮን ዬፕሬም ስም ከላይ ነበረ። በገዛ እጇ ላከችው።

ዕርገት ሳይደርስ አራት ወንዶች ሳቴኒክን በወንበር ተሸክመው አወረዱ፤ በየማረፊያው እየቆሙ። ዛሩሂ ትራሳቸውን ይዛ ከኋላ ትከተል ነበር።

«አየሽ፣ እንደ ሙሽራ ተሸክመው ወሰዱኝ!» አሏት ሳቴኒክ። የሣቀ ሰው አልነበረም።

ባሮን ዬፕሬም ቁልፉን በመዳፏ ላይ አኖሩ። «ዕዳዬን...» ብለው ጀመሩ። ቀሪውን ዋጡት፤ መኪናው ላይም ወጡ። አንጃር በምትባል መንደር ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ አንዲት ክፍል ተለቅቃላቸዋለች አሉ።

ዛሩሂ ዛሬም በየሰኞው ሪፖርቱን ታወጣለች። የአራተኛው ፎቅ ቤት ባዶ ነው፤ ተከራይ አልተገኘለትም። የባሮን ዬፕሬም ስም ግን አልተፋቀም፤ በቀይ እንደ ተጻፈ ከላይ አለ። ጂራይር ቀጠሮውን ለቪኬን በስልክ ይነግረዋል፤ ስሙም በሪፖርቱ ላይ የለም።

እግዚአብሔር ዛሩሂን ያጽናት፤ እናቷን በጤና ያቆይላት፤ የቤቷንም ደጅ ከሚያስለቅስ እንግዳ ይጠብቅላት። አሜን።